ከባቲ የሚመልስ ሳይክል

ልጄ በሳይክል ባቲ ድረስ ልሄድ ነው ያለኝ ምሳ እየበላን ነው። የጠቀለልሁት እንጀራ እጄ ላይ ቀረ።

«ባቲ ምን አለህ?» አልሁት።

«ምንም የለኝም። መንገዱን ላየው ነው።»

«መንገዱን አታውቀውም እንዴ?»

«በቀን አላየሁትም» አለኝ።

እንጀራውን ሣህኑ ላይ መለስሁት። ሐይቅ ከተማ ለሚኖር ሰው ባቲ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልንገር። ከተማችን ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። ባቲ የሚሄድ ሰው ወደ ደሴ ይወጣል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ፀሐይ መውጫ ይታጠፋል። ባቲ ትልቅ ገበያ አላት። ልጆቻችን ባቲ ሲሉ ግን ስለ ገበያው አይደለም። ከባቲ ወዲያ የአፋር ቆላ ነው፤ ከቆላው ወዲያ ባሕሩ ነው፤ ከባሕሩ ማዶ የመን ነው፤ ከዚያ ሳዑዲ። «ባቲ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጥቶ፣ ስንት ወር ጠፍቶ ከርሞ ከዓረብ አገር የሚደውል ልጅ ብዙ ነው። የኔም ያኔ እንደዚያ ብሎኝ ነው የወጣው። አልሐምዱሊላህ፣ ተመለሰ። ስንት እናት ያላገኘችውን አግኝቻለሁ።

የተመለሰው እዚያ እስር ቤት ቆይቶ፣ ከብዙ ወጣት ጋር በአውሮፕላን ተጭኖ ነው። ቤት ሲገባ አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዟል። አባቱ ከሞተ ጀምሮ የምንኖረው ከአስፋልቱ ዳር ባለች ሱቄ ነው። ሱቁን እንዲይዝልኝ ፈለግሁ፤ መቀመጥ አልቻለም። ባጃጅ የሚያሠራ ዘመዳችንን ለመንሁ፤ ጥቂት ነዳና ተወው። የያዘለት አንድ ነገር ነው። የጓደኛውን ሳይክል ይዋስና ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንዴም እስከ ሁለተኛው ሐይቅ፣ እስከ አርዲቦ ይዘልቃል። ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል፤ በልቶ ይተኛል። ሳይክል ያልነዳ ለት እንቅልፍ የለውም፤ ቢተኛም ይሮጣል። እግሩ ፍራሹን ሲመታ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማዋለሁ። ስለዚህ ሳይክሉን አልጠላሁትም። የጠላሁት አቅጣጫውን ነው።

«መንዳቱ ካማረህ በዚህ በኩል አምባሰልን ይዘህ ለምን አትሄድም?» አልሁት። «ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን ወደ ግሸን የሚሄዱበትን አገር እንኳ አይተኸው አታውቅም። ተራራው ሸጋ ነው ይሉታል።»

«እሱ ሕልሜ ውስጥ የለም» አለኝ።

ምግቡን ገፋ አድርጎ ቀጠለ። «ደላሎቹ ሌሊት ነው ያሳለፉን፤ በመኪና፣ ሸራ ለብሰን። ዛፍ አላየሁም፣ ቤት አላየሁም። ከዚያ አውርደው አስሮጡን። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ ጨለማ ነው። በቀን ባየው ይተወኛል፣ እማ።»

ይተወኛል ማለቱን አመንሁት። ባቲ ደርሶ መመለሱን ማመን ግን አቃተኝ። ሲወጣም በዚያው አፍ ነው ያታለለኝ። ልጅ አንዴ በሄደበት መንገድ ሁለተኛ መሄድ እንደሚቀለው አይቻለሁ። በሰፈራችን ተመልሰው ዓመት ሳይሞላቸው እንደገና የወጡ አሉ።

አትሂድ ብለው ሳይነግረኝ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩን በእጄ ላድርገው አልሁ። ሳይክሉን እኔ እገዛለሁ፤ አካሄዱንም እኔ እወስናለሁ። ይህን ስነግረው ሳቀ፤ እሺ አለኝ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ያገለገለ ሳይክል የሚሸጥና የሚጠግን ሰው አለ። ቁመቱ አጭር፣ ወሬው ረጅም ነው። አብረን ሄድን። ለልጄ ቁመት የሚሆኑ ሁለት ነበሩት። አንዱ ቀጭን፣ ማርሽ ያለው፣ ቀለሙ ያልለቀቀ ነው። ሌላው ጥቁር፣ ብረቱ ወፍራም፣ ማርሽ የሌለው፣ ከኋላው ኩንታል የሚችል መጫኛ ያለው ነው። በፊት ከሰል ይጫንበት ነበር መሰለኝ፤ ጥላሸቱ አልለቀቀም።

«እናቴ፣ ይሄኛው ሙሽራ ነው» አለኝ ሰውዬው ቀጭኑን እየዳሰሰ። ወደ ጥቁሩ ዞረና፣ «ያኛው በሬ ነው። ምርጫው የርስዎ ነው።»

ልጄ ቀጭኑን ያዘው። አነሳው፣ መለሰው፣ ፔዳሉን በእጁ አዞረው። ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲሆን አላየሁትም ነበር።

«አድሬበት ልምጣ» ብዬ ይዤው ተመለስሁ።

ምርጫ ሲያስቸግር የሚሰገድ ሁለት ረከዓ ሰላት አለ። ሰገድሁ። አላህ እንዲመርጥልኝ ለመንሁ፤ ልቤ ግን አስቀድሞ መርጦ ነበር። ተመላሾቹ ልጆች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ሞባይልም፣ ጫማም፣ ሰዓትም ይሸጣል፤ ለደላላ ይሰጣል። ቀጭኑ ሳይክል ቆላው ላይ ገዢ አያጣም። ያን ከባድ ብረት ግን ማን ይገዛዋል? ልጄ የሚሸጠው ከሌለው ይመለሳል አልሁ።

በነጋው በሬውን ገዛሁ። «ዕቃ ይችልልሃል» አልሁት።  መጫኛውን በጨርቅ ጠረገልኝ፤ ጭራሽ «ጠንካራ ነው» ብሎ አመሰገነ።

ከዚያ የአካሄዱ ነገር መጣ። እሱ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ከሐይቅ ወጥቶ በዚያው ቀን ባቲ እገባለሁ ይላል። እኔ ደግሞ ደሴ ያክስቱ ልጅ ቤት ይደር፤ ኮምቦልቻም ዘመድ አለን፤ ከዚያ ባቲ እኅቴ ቤት ይግባ እላለሁ። የአስር ሰላት ሳይሰገድ፣ ሳይመሽ፣ የሚያውቀው ሰው ቤት ይግባ።

«በእግሬ ብሄድ እቀድማለሁ እኮ» አለኝ።

«ቅደም ያለህ ማነው?»

«እማ፣ ሳይክል ማለት መፍጠን ነው።»

«ያስሮጧችሁ የነበሩት ሰዎች እንዴት ነበር የሚያስሮጧችሁ?» አልሁት።

ፊቱ ተለወጠ። እንደዚያ ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

«ጎህ ሳይቀድ እንድንደርስ ነው። የቆመ ይቀራል ይሉናል።»

«እንግዲያው በነሱ አሯሯጥ አትሂድ። እንዲህ አድርግ። እየነዳህ ፋቲሓን ድምፅህን አውጥተህ ቅራ። ሳይቆራረጥ ከጨረስኸው ልክ ነህ። መሀል ላይ ትንፋሽ ካነሰህ ፈጥነሃል፤ ቀስ በል።»

«አስፋልት ላይ እየጮኽሁ ልቀራ? ሰው አበደ አይለኝም?»

«ይበልህ።»

ከባቲው በፊት ለሙከራ ወንድሜ ዘንድ እንዲሄድ ተስማማን። ወንድሜ አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ወረድ ብሎ ነው የሚኖረው። አንድ ሌሊት አድሮ ይመለሳል። የሄደ ለት ከቀትሩ ሰላት፣ ከዙህር፣ በኋላ ወንድሜ ደወለ።

«እቴ፣ ልጅሽ ደርሷል። ቁልቁለቱን በንፋስ ነው የመጣው። ፍሬኑ ግን ምን ጉድ ነው! ከሩቅ ሲጮህ መንደሩ በሙሉ ወጣ፤ አምቡላንስ መስሎን።»

«ደኅና ነው?»

«ፈረስ በሚያህል ብረት ላይ ተቀምጦ ቁርኣን እየቀራ ነው የገባው። ሽማግሌዎቹ በጣም ወደውታል።»

ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ አመሸሁ።

በነጋው የመመለሻው ቀን ነው። ማልዶ ተነስቷል ብሎ ወንድሜ ነገረኝ። ዙህር ሰገድሁ፤ አልመጣም። ስልኩ አይሠራም። የአስርን ሰላት ሰገድሁ፤ አልመጣም። ሱቁን ዘግቼ ወደ ውጫሌ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁና በመስኮቱ በኩል ተቀመጥሁ። ብዙ ከሄድን በኋላ ዳገቱን ወደ ላይ ሳይክል እየገፋ የሚመጣ ሰው አየሁ። ጎንበስ ብሏል። ጥቂት ይገፋል፣ ይቆማል፣ ጥቂት ይገፋል።

«ወራጅ አለ!» አልሁ።

ስደርስበት ቀና አለ። ከንፈሩ ደርቋል። እግሩ ቆሞም ይንቀጠቀጣል።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልገፋልህ።»

መሳቅ ፈለገ፤ ትንፋሽ አጠረው። ይዤው የመጣሁትን ውኃ ሰጠሁት። ከዚያ እሱ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከኋላ መጫኛውን ይዤ ገፋን። ሚኒባሶች እያለፉን ነው። አንድ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «እናትዮ፣ ቤንዚን አልቆበት ነው?» ብሎ አለፈ። ልጄ አልሳቀም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለኝ ሳይዞር።

«ጠይቅ።»

«ይሄን የመረጥሽልኝ የሚገዛው እንዳይገኝ ብለሽ ነው፤ አይደል?»

ጀርባውን እያየሁ መዋሸት አልሆነልኝም። «አዎ» አልሁት።

ገፋን። የምሰማው የሱን ትንፋሽና የጎማውን ድምፅ ነው።

«ገብቶኝ ነበር» አለኝ ቆይቶ። «እዚያው ሰውዬው ዘንድ ቆመን ሳለን ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ይቅለልሽ ብዬ።»

ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ሳይክሉን ጣለውና መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ከአጠገቡ ተቀመጥሁ። ቁልቁል የመጣንበትን እያየሁ ሳለ ነው ነገሩ የታየኝ። ደሴን አንዴ ከወጡ ኮምቦልቻ ድረስ ቁልቁለት ነው። ከባቲ ወዲያ ያለውም ቆላው እስኪገኝ ቁልቁለት ነው። በሬው ሳይነዱት ይወርዳል። የሚቆመው ሲመለስ ነው። ባቲን ውጣ፣ ኮምቦልቻን እለፍ፣ ደሴን ውጣ ሲባል። እኔ እንዳይሄድብኝ ብዬ የገዛሁለት ሳይክል ለመሄድ የሚቀል፣ ለመመለስ የማይሆን ነበር። ልጄ ቆላው ውስጥ ዳገት ሥር ደክሞት ቢቀመጥ መኪና ይቆምለታል። ያን ያህል የደከመው ሰው መኪናው ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቅም።

ይህን አልነገርሁትም። አንድ አይሱዙ ለምኜ ሳይክሉን አስጫንንና ቤታችን ገባን።

በማግሥቱ በሬውን እየገፋሁ ብቻዬን ወደ ሰውዬው ሄድሁ።

«ምነው እናቴ፣ አላርስ አለዎት?» አለኝ።

«ሲወርድ ያርሳል። ሲወጣ ይተኛል።»

«እኔማ ከመጀመሪያው ሙሽራው ይሻላል ብዬ ነበር!»

«አላልኸኝም። ምርጫው የርስዎ ነው ነው ያልኸኝ።»

ጭንቅላቱን አከከ። «አልሁ እንዴ?»

ቀጭኑ ገና አልተሸጠም ነበር፤ ለዚህም አላህን አመሰገንሁ። ሰውዬው የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቶ እያዞረ አሳየኝ። በከባዱ ማርሽ አንዴ ሲረገጥ ብዙ ይሄዳል። በቀላሉ ማርሽ ሲሆን እግሩ ብዙ ይዞራል፤ ጎማው ግን ጥቂት ነው የሚሄደው። ዳገት ላይ የሚፈለገው ይሄ ነው አለኝ፤ ሰው ተቀምጦ፣ ጉልበቱን ሳይጨርስ፣ የእግረኛ ያህል እየተንቀሳቀሰ ይወጣል። ፍሬኖቹን እኔ ራሴ እየጨበጥሁ ሞከርኋቸው። ከኋላ ቀላል መጫኛ አስገጠምሁ። ትርፍ የጎማ ካላማዳሪና መንፊያ አስጨምሬ፣ በሬውን ትቼለት ልዩነቱን ከፍዬ ወሰድሁት።

ልጄ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ይዤው ስመጣ አየኝ። መጥቶ ተቀበለኝ። ሳይክሉን ሳይሆን እኔን ነው የሚያየኝ።

«እማ፣ ይሄ ይሸጣል እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት።

መሪውን አስረከብሁትና ወደ ሱቁ ገባሁ።

መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ሳምንት ጠበቅን። ከመሄዱ በፊት ዱዓ ሳላስደርግ ልሰደው አልቻልሁም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ጠራሁ፤ ጎረቤት ሴቶችም መጡ። አንባሻና ንፍሮ አቀረብሁ። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ሂዶ የሚገባ አድርገው። መንገዱን አቅናለት። ክፉ ሰው አታገናኘው» አሉ። አሚን አልን። ልጄ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ልቤ ረጋ።

ሰዎቹ ሲነሱ ከማዶ ያለችው ጎረቤቴ አልወጣችም። ከነጠላዋ ሥር በጨርቅ የተሰፋ ጥቅል አወጣችና ለልጄ ሰጠችው።

«በሶ ነው፤ ትንሽ በርበሬም አለበት» አለችው። «ለልጄ ታደርስልኛለህ። ጂዳ ነው ያለችው። ስልኳን ጨርቁ ላይ ጽፌዋለሁ።»

ልጄ ጥቅሉን እንደያዘ ቀረ። «እትዬ፣ እኔ ባቲ ነው የምሄደው።»

«አውቃለሁ።»

«ባቲ ደርሼ ነው የምመለሰው።»

«እሱማ ሁላችሁም ባቲ ነው የምትሉት» አለችው። «የኔዋም ባቲ ብላ ነው የወጣች።»

በሩ ላይ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። አንዷ፣ «በሳይክል የመን የገባ የመጀመሪያው ወሎዬ ትሆናለህ፤ አብሽር!» አለችው። ሌላዋ ደግሞ ወንድ ልጇ ያለበትን ከተማ ልትነግረው ጀመረች። እኔ አልሳቅሁም።  እነዚህ ሴቶች እኔ የማላውቀውን ያውቃሉ? ነግሯቸዋል? ሳይክሉን ለውጬ የሚሸጥ ነገር እጁ ላይ ያስያዝሁት እኔ ነኝ።

ልጄ ጥቅሉን በሁለት እጁ መለሰላት። «እትዬ፣ ወላሂ አልሄድም። ብሄድ አደርስልሽ ነበር። በሌላ ሰው ላኪላት።»

ጎረቤቴ ጥቅሉን ይዛ ቆመች። የምታምነው አልመሰለኝም ነበር፤ ግን አመነችው መሰለኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ ደግሞ ሰው አገኘሁ ብዬ» አለች። አቅፌ ሸኘኋት።

ብቻችንን ስንቀር ጠየቅሁት። «ለሰዉ ምን ብለህ ነው?»

«ባቲ እሄዳለሁ ነው ያልሁት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላልሁም። ዱዓ ያስደረግሽው አንቺ ነሽ፣ እማ። እዚህ ከተማ ለወጣት የመንገድ ዱዓ ከተደረገ ሰዉ ምን ያስብ?»

እውነቱን ነው። ባገራችን ልጅ ደሴ ሲሄድ ዱዓ አይደረግለትም፤ ኮምቦልቻ ሲሄድም አይደረግለትም። ሽማግሌ ተጠርቶ እጅ የሚዘረጋው ለአንድ ዓይነት ጉዞ ብቻ ነው። እኔ በራሴ እጅ ለከተማው ሁሉ ልጄ ዓረብ አገር ሊሄድ ነው ብዬ ነገርሁ። ይህን ማወቄ ግን ፍርሃቴን አላነሳልኝም። እውነት ያልተናገረ እንደሆነስ የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ወደ ሌላ ሥራ እሄዳለሁ፤ እዚያም ይከተለኛል።

ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ ሄደ። መጫኛው ላይ ያሰረው ብርድ ልብስ፣ ቅያሪ ልብስና ዳቦ ቆሎ ነው። አልሳምሁትም፤ ሳሚውና አልቅሺ አለኝ ልቤ፣ ተውሁት። «ቀስ በል» ብቻ አልሁት። አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ድምፁን አውጥቶ ፋቲሓን ጀመረ፤ እኔን ሊያስቀኝ ነው። አንዲት ባጃጅ ጥሩንባ ነፋችለት። ኩርባው ጋ ጠፋብኝ።

እንዳልሁት ሄደ። ደሴ ገብቶ ደወለ። ኮምቦልቻ ገብቶ ደወለ፤ ያንን ቁልቁለት ፍሬን ይዞ ቀስ ብሎ እንደወረደ ነገረኝ። ባቲ ሲገባ እሱም እኅቴም ደወሉልኝ። እሱ ጥሩ ነኝ አለኝ። እኅቴ ግን ቆይታ ብቻዋን ሆና እንደገና ደወለች።

«እታለም፣ ልጅሽ ነገ ወደ ታች ወረድ ብዬ እመለሳለሁ ይላል።»

«አውቃለሁ። መንገዱን ሊያየው ነው።»

«የምን ማየት ነው? አሸዋና ግራር ነው ያለው! ስሚኝ። ሳይክሉን ግቢያችን ካለው መጋዘን አስገብቶታል። የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ልቆልፍበት?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርሁት።

«በእግሩ አይሄድ» አለችኝ። «ቁልፉ ጠፋብኝ እላለሁ። እስኪበርድለት ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ። እኔ ስንቱን አይቻለሁ በዚህ በር ሲያልፍ! አንቺ አገር የምትሰሚውን እኔ በዓይኔ ነው የማየው።»

ቆልፊበት ማለት አፌ ላይ ነበር። ወሩን ሙሉ ስፈልገው የነበረው ይሄ ነው። ግን በሩ የሚቆለፍበት ልጅ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሜ አይቻለሁ። ባለፈው እንደዚያ ብቆጣጠረው ነው ባቲ ደርሼ ልምጣ ብሎ አታልሎኝ የወጣው። ደግሞ ያን ብረት ለምን እንደገዛሁለት እያወቀ፣ ይቅለልሽ ብሎ ዝም ያለኝ ልጅ ነው።

«አትቆልፊበት» አልኋት።

«ቢሄድስ?»

«ለአላህ አደራ ሰጥቼዋለሁ።»

«አንቺ ድሮም ልብሽ ድንጋይ ነው» ብላ ዘጋችው።

በነጋው ጠዋት ከባቲ ወጣ። ሱቅ ተቀመጥሁ። ጨው ለጠየቀኝ ሰው ስኳር ሰጥቼ፣ ተመልሶ መጥቶ አስለወጠኝ። ልደውልለት ስልኩን አነሳለሁ፤ እየነዳ ከሆነ ይወድቅብኛል ብዬ አስቀምጣለሁ። ዙህር ደረሰ። ከዙህር በኋላ ደወልሁ፤ አይሠራም። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው አልሁ። እኅቴ ዘንድ ደወልሁ፤ እስካሁን አልተመለሰም አለችኝ። የአስርን ሰላት ለመስገድ ታጥቤ ውዱእ አደረግሁ። ሱጁድ ላይ ቃል አጣሁ። የምለምነውን የሚያውቀው አላህ ነው ብዬ ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ ቆየሁ።

ሱቁን ገና መልሼ ስከፍት ስልኬ ጮኸ። የሱ ቁጥር ነው። አነሳሁት፤ ድምፅ የለም። ጆሮዬ ላይ የሚመጣው ትንፋሽ ነው። ከባድ ትንፋሽ፣ ከሥሩ ደግሞ የብረት ኮሽታ።

«አንተ ነህ?»

«እ…»

«ምን ሆንህ?»

«ዳገት… ላይ… ነኝ።»

«የቱ ዳገት?»

«ወደ ባቲ… የሚመልሰው።»

የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። «አትናገር» አልሁት። «አትናገር፤ ስልኩን ግን አትዝጋው። ቀስ በል።»

በር ላይ ሳሙና የሚገዛ ሰው ቆሟል። በእጄ ቆይ አልሁት። ሲወርድ ሰው አያለከልክም። እኔ ያን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ሰውዬው እኔን ያያል። «ደኅና አይደሉም እንዴ?» አለኝ። «ደኅና ነኝ» አልሁት። የስልኩ ሒሳብ አልቆ እስኪቋረጥ ድረስ ሰማሁት።

ቤት የገባው በሄደበት አኳኋን፣ በየዘመዱ እያደረ ነው። ጠቁሯል፤ አፍንጫው ተልጧል። እግሩን አጥቤ አበላሁት። ከበላ በኋላ ሳልጠይቀው አወራኝ።

«ሰው ይኖርበታል» አለኝ። «ሰው የማይኖርበት መስሎኝ ነበር። ቤት አለ፤ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች አሉ። ያስሮጡን ቦታ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም፣ እማ። ያን ሁሉ ሮጠን ከመንገዱ ዳር ነበርን።»

«ሳይክሉን የጠየቀህ ሰው አልነበረም?»

«ነበረ። ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሰው፣ ትሸጠዋለህ ወይ አለኝ። ወዴት መሄድ እንደምፈልግም ጠየቀኝ።» የተላጠ አፍንጫውን ነካካ። «እማ፣ ትንሽ አሰብሁ። አልዋሽሽም።»

ውኃ ቀዳሁለት።

«ከዚያ ሦስት ልጆች መጡ፤ በእግራቸው፣ የውኃ ጀሪካን ይዘው። ንግግራቸው የእኛ ነው። ካምባሰል ናቸው። ሳዑዲ ቆይቼ እንደተመለስሁ ስነግራቸው፣ ጥሩ ነው ወይ እዚያ ብለው ጠየቁኝ። የደረሰብኝን ነገርኋቸው። ተመለሱ፣ አብረን እንውጣ አልኋቸው። አንተ በልተህ መጥተህ ነው እኛን ተመለሱ የምትለን አሉኝ። ሳቁብኝ። ሄዱ። እኔም ሳይክሌን አዙሬ ዳገቱን ጀመርሁ።»

«ስማቸውን ጠየቅሃቸው?»

«አልጠየቅሁም።»

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አልሄድም አላለኝም። እኔም አላስማልሁትም። የሚሠራውን እየፈለገ ነው፤ ለጊዜው ጠዋት ጠዋት ዳቦ በሳይክሉ ለየሱቁ ያደርሳል። አንዳንድ ለት ፊቱ ሲከብድ አያለሁ፤ ያን ለት ሥራ አልይዝም፣ በር በሩን አያለሁ። ልጄ ቤቱ አድሮ ስለነጋለት አላህን አመሰግናለሁ። ከአምስቱም ሰላት በኋላ እጄን ስዘረጋ ለሦስቱ የአምባሰል ልጆች ዱዓ አደርጋለሁ። ስም አልጠራም። የማን ልጆች እንደሆኑ አላህ ያውቃል።